የመስኮት ፊዚክስ፦ የቢሮ ሕንፃዎቻችን ሙቀት ከየት ይመጣል?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሆን፣ በበጋው ቀትር እንኳ በጥላ ሥር የሚለካው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ሌሊቱ ደግሞ ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት ነው። ከአየር ጠባይ አንፃር ስንመለከተው፣ አንድ የቢሮ ሕንፃ ያለ ማሞቂያም ያለ ማቀዝቀዣም ሊያገለግል የሚችልበት ቦታ ቢኖር እንዲህ ያለው ነው። ይሁን እንጂ ፊቱን ወደ ምዕራብ ባዞረ የመስተዋት ሕንፃ ውስጥ ከቀትር በኋላ የሚሠራ ሰው በሙቀት ይጨነቃል። መጋረጃውን ይዘጋል፤ ክፍሉ ሲጨልምበት መብራት ያበራል፤ ይህም አልበቃ ሲል ማቀዝቀዣ እንዲገጠምለት ይጠይቃል። ለመሆኑ የውጭው አየር 23 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የውስጡ አየር ከዚያ እጅግ የሚሞቀው ለምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ “መስተዋቱ ነጠላ ስለሆነ ነው፤ ድርብ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይወገድ ነበር” የሚል ነው። ይህ መልስ ለኒውዮርክ ወይም ለበርሊን ተስማሚ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ አበባ ግን ችግሩን ከነሥሩ አይነካውም። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው በአዲስ አበባና እርሷን በመሰሉ ደጋማ ከተሞች የቢሮ መስኮት ዋነኛ ችግር የውጭው አየር ሙቀት ሳይሆን በመስተዋቱ አልፎ የሚገባው የፀሐይ ጨረር መሆኑን ነው። ስለዚህ ከመስተዋቱ ድርብነት አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ጥላው ነው።

ሙቀት በመስኮት የሚያልፍባቸው ሁለት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ በውጭና በውስጥ አየር መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት የሚመነጭ ነው። ሙቀት ምንጊዜም ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ስለሚሄድ፣ ውጭው ከቀዘቀዘ ከክፍሉ ይወጣል፤ ውጭው ከሞቀ ደግሞ ወደ ክፍሉ ይገባል። መሐንዲሶች ይህን መጠን “ዩ” ብለው በሚጠሩት ቁጥር ይገልጹታል። ዩ ማለት በመስኮቱ ውጭና ውስጥ ባለው አየር መካከል የ1 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር በ1 ካሬ ሜትር ስፋት የሚያልፈው ሙቀት በዋት ሲለካ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መስኮቱ ሙቀትን የመከላከል ኃይሉ ይጨምራል።

ሁለተኛው መንገድ የፀሐይ ጨረር ነው። ይህ መንገድ የሙቀት ልዩነትን አይጠብቅም። ውጭው ውርጭ ቢሆን እንኳ ጨረሩ መስተዋቱን አልፎ ወለሉን፣ ጠረጴዛውንና ሰውን ያሞቃል። በመስተዋቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ኃይል ውስጥ ወደ ክፍሉ የሚገባውን ክፍልፋይ “የፀሐይ ሙቀት ድርሻ” ብለን እንጥራው። ድርሻው ከ0 እስከ 1 ባለው ቁጥር ይገለጻል። 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ጥርት ያለ መስተዋት ድርሻው 0.82 ያህል ነው፤ ማለትም ካረፈበት 100 ዋት ውስጥ 82ቱን ወደ ውስጥ ያስገባል።

እነዚህን ሁለት መንገዶች ለይቶ ማየት የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ዩን የሚያሻሽል መስተዋት ሁሉ የፀሐይን ድርሻ በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የፀሐይን ድርሻ የሚቀንሰውም ሁሉ ዩን አያሻሽልም።

መስተዋት ራሱ ሙቀትን ይከላከላልን?

ብዙዎቻችን ወፍራም መስተዋት ከስስ መስተዋት ይልቅ ሙቀትን እንደሚከላከል እናስባለን። ቀላል ስሌት ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። የመስተዋት ሙቀት አስተላላፊነት ለ1 ሜትር ውፍረትና ለ1 ዲግሪ ልዩነት 1 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ የ6 ሚሊ ሜትር መስተዋት የመከላከል አቅም 0.006 ነው። በመስተዋቱ ሁለት ገጾች ላይ ተለጥፎ የሚቆመው ቀጭን የአየር ሽፋን ግን ከውስጥ በኩል 0.13፣ ከውጭ በኩል 0.04 ያህል የመከላከል አቅም አለው። ሦስቱን ስንደምር 0.176 እናገኛለን። ዩ የዚህ ድምር ግልባጭ በመሆኑ 1 ሲካፈል ለ0.176 ወደ 5.7 ይሆናል።

ከሦስቱ ቁጥሮች የመስተዋቱ ድርሻ ከ4 በመቶ በታች መሆኑን ልብ ይሏል። ሥራውን የሚሠራው አየሩ ነው። የመስተዋቱን ውፍረት በእጥፍ ብንጨምረው እንኳ ዩ ከ5.7 ወደ 5.5 ብቻ ይወርዳል። የድርብ መስተዋት ምሥጢርም እዚህ ላይ ነው፦ ሁለተኛው መስተዋት የሚጠቅመው በራሱ ሳይሆን በመካከሉ አየር አስሮ ስለሚይዝ ነው። የአየር ሙቀት አስተላላፊነት 0.025 ያህል ነው፤ ከመስተዋት በ40 እጥፍ ያነሰ መሆኑ ነው። በዚህ ዘዴ ዩ ከ5.7 ወደ 2.8 አካባቢ ይወርዳል።

ከብርድ አገር የመጣ መፍትሔ

የሰሜኑ ዓለም መሐንዲሶች በዚህ ብቻ አልተወሰኑም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ከናረ በኋላ፣ ቤትና ቢሮ ለማሞቅ ብዙ ነዳጅ የሚያቃጥሉ አገሮች ከመስኮታቸው የሚያመልጠውን ሙቀት መቁጠር ጀመሩ። በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሎውረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በዚህ ረገድ ትልቅ ድርሻ ካበረከቱት ተቋማት አንዱ ነው።

የተገኘው መፍትሔ ውበት ያለው ፊዚክስ ነው። ተራ መስተዋት በክፍል ሙቀት ላይ ሳለ የራሱን ሙቀት በጨረር መልክ አብዝቶ ይረጫል፤ የጨረር አመንጪነቱ 0.84 ያህል ነው። ብር ግን ይህ ጠባይ የለውም። ስለዚህ ከ10 እስከ 15 ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው የብር ሽፋን በመስተዋቱ ላይ ቢቀባ፣ ዓይን እንደ ልብ እያየበት አመንጪነቱ ከ0.1 በታች ይወርዳል። በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ደግሞ በአየር ፈንታ አርጎን የተባለው ጋዝ ሲሞላ ዩ ወደ 1.2 አካባቢ ይደርሳል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1931 የተመረቀው የኒውዮርኩ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተካሄደው እድሳት 6,514 መስኮቶቹ እየወለቁ፣ በዚያው በሕንፃው ውስጥ በተዘጋጀ ወርክሾፕ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ስስ ፊልም እየተዘረጋና ጋዝ እየተሞላ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። አብዛኛው ነባር መስተዋት አልተጣለም። መስኮቱ አንድ ክፍሉ የሆነበት ይህ እድሳት የሕንፃውን የኃይል ፍጆታ በ38 በመቶ ለመቀነስ የታቀደ ነበር። በክረምት የውጭው አየር ከዜሮ በታች በሚወርድበት ከተማ ይህ አስተዋይነት ነው። የውስጥና የውጭ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ቢሆን በ10 ካሬ ሜትር ነጠላ መስተዋት 1,425 ዋት ሙቀት ያመልጣል፤ በተሻሻለው መስተዋት ግን 300 ዋት ብቻ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሙቀት ልዩነቱ 25 ሳይሆን 3 ዲግሪ በሆነበት ከተማስ?

አሥር ካሬ ሜትር መስተዋት በአዲስ አበባ

ወደ ምዕራብ የሚመለከት 10 ካሬ ሜትር መስተዋት ያለው ቢሮ እንውሰድ። ጊዜው ደመና የሌለበት የበጋ ከሰዓት ነው። የውጭው አየር 23፣ የውስጡ 26 ዲግሪ ይሁን። በመስተዋቱ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በካሬ ሜትር 600 ዋት ነው እንበል።

በመጀመሪያው መንገድ የሚያልፈው ሙቀት 5.7 በ10፣ በ3 ሲባዛ 171 ዋት ነው። አቅጣጫውን ልብ እንበል፦ ውስጡ ከውጭው ስለሚሞቅ ይህ 171 ዋት የሚወጣ እንጂ የሚገባ ሙቀት አይደለም። በሁለተኛው መንገድ የሚገባው ደግሞ 0.82 በ10፣ በ600 ሲባዛ 4,920 ዋት ነው። ተቀምጦ የሚሠራ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣልና፣ ይህ መስኮት ወደ ክፍሉ 49 ሰዎች እንደመጨመር ነው።

አሁን አራት አማራጮችን እናነፃፅር። ከሚገባው ላይ የሚወጣውን ቀንሰን የተጣራውን እንይ።

ነጠላ ጥርት ያለ መስተዋት፣ ያለ ጥላ፦ 4,920 ሲቀነስ 171፣ ማለትም 4,749 ዋት።

ድርብ ጥርት ያለ መስተዋት (ድርሻው 0.70፣ ዩ 2.8)፣ ያለ ጥላ፦ 4,200 ሲቀነስ 84፣ ማለትም 4,116 ዋት።

የፀሐይን ሙቀት መርጦ የሚመልስ ሽፋን የተቀባ ድርብ መስተዋት (ድርሻው 0.30፣ ዩ 1.2)፣ ያለ ጥላ፦ 1,800 ሲቀነስ 36፣ ማለትም 1,764 ዋት።

ነጠላ ጥርት ያለ መስተዋት፣ ቀጥተኛውን ጨረር ከውጭ በሚከለክል ጥላ። ከሰማዩና ከአካባቢው ተበትኖ የሚደርሰው ብርሃን በካሬ ሜትር 150 ዋት ቢሆን፦ 1,230 ሲቀነስ 171፣ ማለትም 1,059 ዋት።

ውጤቱ ግልጽ ነው። ተራው ድርብ መስተዋት የሙቀቱን ጫና የቀነሰው በ13 በመቶ ብቻ ነው፤ ያውም ሙቀትን በመከላከል ሳይሆን ሁለተኛው መስተዋት ጥቂት ጨረር ስለመለሰና ስለመጠጠ ነው። በመከላከሉ በኩልማ መውጣት የነበረበትን ሙቀት ግማሽ ያህሉን አስቀርቶብናል። ከሁሉ የተሻለው ግን በጣም ርካሹ መስተዋት ጥላ ሲደረግለት ነው። ጥላና የተመረጠ መስተዋት በአንድነት ቢሆኑ ደግሞ ከዚህም ይሻላል። ገንዘብ የሚያጥረው ሰው ግን ከየቱ መጀመር እንዳለበት ስሌቱ ይነግረዋል።

መጋረጃው ለምን አይበቃም?

“ታዲያ መጋረጃ መዝጋት አይበቃምን?” የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሱን ለማግኘት የጨረሩን ጉዞ እንከተል። የፀሐይ ገጽ ሙቀት 5,800 ኬልቪን ያህል በመሆኑ የምትልከው ኃይል አብዛኛው ከ0.3 እስከ 2.5 ማይክሮ ሜትር የሞገድ ርዝመት ባለው ጨረር ነው። መስተዋት ይህን ያሳልፋል። ጨረሩ መጋረጃው ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደ ውጭ ይመለሳል፤ የቀረው መጋረጃውን ያሞቃል። የሞቀው መጋረጃ 300 ኬልቪን አካባቢ ስለሆነ የሚረጨው ጨረር 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት አለው። ይህን ደግሞ መስተዋት አያሳልፍም። ሙቀቱ አንዴ ከመስተዋቱ ወዲህ ገብቷልና መጋረጃው የክፍሉ ማሞቂያ ይሆናል። ከውጭ የተሰቀለ ጥላ ግን ሲሞቅ ሙቀቱን የሚሰጠው ለውጭው አየር ነው።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነጥብ አለ። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ እ.ኤ.አ. በ1909 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ፣ አንዱን ሣጥን በመስተዋት፣ ሌላውን የሙቀት ጨረርን በሚያሳልፍ የአለት ጨው ሸፍኖ ፀሐይ ላይ ቢያስቀምጣቸው የውስጥ ሙቀታቸው ብዙም እንደማይለያይ አመለከተ። የመስተዋት ክፍል የሚሞቅበት ትልቁ ምክንያት የሞቀው አየር ታግቶ መውጫ ማጣቱ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መስኮቱ የሚከፈት መሆኑ እንደ ጥላው ሁሉ ዋጋ አለው።

የፀሐይ ጎዳና በ9 ዲግሪ

ጥላ በግምት አይሠራም፤ ፀሐይ የት እንደምትሆን ማወቅን ይጠይቃል። ደስ የሚለው ይህ አስቀድሞ የሚሰላ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 አካባቢ ፀሐይ በቀትር በደቡብ በኩል 57.6 ዲግሪ ከፍታ ላይ ትውላለች። ሰኔ 14 አካባቢ ደግሞ በሰሜን በኩል 75.6 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ስትሆን፣ በቀረው ጊዜ በደቡባችን ናት። ይህን የማያስተውል ሰው ከአውሮፓ መጻሕፍት “የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገኘውም” የሚለውን ደንብ እንዳለ ሊገለብጥ ይችላል። እርግጥ የሰሜኗ ፀሐይ ወቅት በአብዛኛው ከክረምቱ ደመና ጋር ስለሚገጥም ጫናዋ ያን ያህል አይከብድም።

1.5 ሜትር ቁመት ያለውን የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ቀትር ሙሉ በሙሉ ለማጥላት ከላይ ወጣ ያለው አግዳሚ ጥላ ስንት ሜትር ይሁን? ቁመቱን ለ57.6 ዲግሪ ታንጀንት፣ ማለትም ለ1.58 ስናካፍል 95 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። በፀሐይ ሰዓት ከጠዋቱ 3 እስከ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ድረስ እንዲያጠላ ከተፈለገ 1.3 ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ይህ ርዝመት ከበዛ መስኮቱን በቁመቱ መካከል ከፍሎ ሁለት የ65 ሴንቲ ሜትር ጥላዎች ማድረግ እኩል ይሠራል። ለሰሜኑ መስኮት ደግሞ በሰኔ ቀትር 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል።

ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በመጋቢትና በመስከረም፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት፣ በፀሐይ ሰዓት ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትመጣለች። ያንኑ መስኮት ለማጥላት 2.6 ሜትር አግዳሚ ጥላ ሊያስፈልግ ነው። በ11 ሰዓት ደግሞ ከ5 ሜትር ተኩል ያልፋል። እንዲህ ያለ ጥላ ማንም አይሠራም። ለምዕራብ የሚሆነው ወደ ጎን ዘወር ተደርገው የቆሙ ክንፎች፣ ቀዳዳ ያለው የጡብ ወይም የብረት ገጽታ፣ አለዚያም የመስኮቱን ስፋት መቀነስ ነው። ከሁሉ የሚቀለው ግን በወረቀት ላይ የሚሠራው ነው፦ የሕንፃው ረጅም ገጽ ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር፤ በምሥራቅና በምዕራቡ አጭር ገጽ ደረጃው፣ ሊፍቱ፣ መጸዳጃውና ዕቃ ማከማቻው ይቀመጡ። ይህ ውሳኔ በንድፍ ጊዜ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም፤ ሕንፃው ከቆመ በኋላ ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም።

ብርሃንን ከሙቀት መለየት

ጥላ አብዝተን ክፍሉን ብናጨልመውስ? ፍርሃቱ ተገቢ ቢሆንም ቁጥሮቹ ያረጋጉናል። በጠራ ቀን ውጭ ያለው የብርሃን መጠን 100,000 ሉክስ ገደማ ሲሆን፣ ለቢሮ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው ከ300 እስከ 500 ሉክስ ነው። ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ተበትኖ ከሰማይ የሚመጣው ብርሃን ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀጥተኛው ጨረር ሲገባ ዓይንን ስለሚወጋ ሠራተኛው መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፤ መብራትም ያበራል። ጥላ የተደረገለት መስኮት መጋረጃው ክፍት ሆኖ ስለሚውል ጥላ ከሌለው ይልቅ ብርሃን ይሰጣል ማለት ነው።

ከፀሐይ ኃይል ውስጥ ለዓይን የሚታየው ከግማሽ ያነሰው ነው፤ ግማሽ ያህሉ የማይታይ ኢንፍራሬድ ሲሆን ጥቂቱ አልትራቫዮሌት ነው። የተመረጠ ሽፋን ያለው ጥሩ መስተዋት የሚታየውን አሳልፎ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። በከተማችን የሚዘወተረው ጥቁር ወይም እንደ ፊት መስተዋት የሚያብረቀርቅ መስተዋት ግን ብርሃኑንም ሙቀቱንም አብሮ ይቀንሳል። የተመለሰው ጨረርም የትም አይጠፋም፤ ወደ መንገዱና ወደ ጎረቤት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በለንደን በግንባታ ላይ የነበረ አንድ ጎባጣ የመስተዋት ሕንፃ ጨረሩን አሰባስቦ ከሥሩ የቆመን መኪና ክፍሎች አቅልጦ ነበር። በማግስቱ ዓመት የተገጠመለትም መፍትሔ የውጭ ጥላ ነው።

ነፋስ፣ ሌሊትና ከፍታ

ጥላው ያላስቀረውን ሙቀት አየር ሊያስወጣው ይችላል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ 1 ኪዩቢክ ሜትር አየር 0.9 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ልዩነቱ 3 ዲግሪ ሲሆን በሴኮንድ 1 ኪዩቢክ ሜትር አየር 2,700 ዋት ያህል ይወስዳል። ጥላ የሌለውን ባለ 4,749 ዋት ክፍል ለማቀዝቀዝ በሴኮንድ 1.75 ኪዩቢክ ሜትር አየር ያስፈልጋል፤ ክፍሉ 100 ኪዩቢክ ሜትር ቢሆን አየሩ በየደቂቃው ሊለወጥ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አይቀመጥም። ጥላ ላለው ክፍል ግን 0.4 ይበቃዋል፤ በየአራት ደቂቃው አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። ይህን ተራ ክፍት መስኮት ሊያደርገው ይችላል። ሌሊት ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰው አየር የኮንክሪቱን ወለልና ጣሪያ አቀዝቅዞ ለማግስቱ ያዘጋጃል። የማይከፈት የመስተዋት ገጽ ይህን ነፃ ስጦታ በሩን ዘግቶ ይመልሰዋል።

ከፍታው በድርብ መስተዋት ላይ ሌላ ጣጣም ያመጣል። በባሕር ወለል አጠገብ ባለ ፋብሪካ የታሸገ ድርብ መስተዋት በውስጡ የያዘው ጋዝ 101 ኪሎ ፓስካል ግፊት አለው። አዲስ አበባ ሲደርስ የውጭው ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። መስተዋቶቹ ፈጽሞ የማይለጠጡ ቢሆኑ ኖሮ በየካሬ ሜትሩ 2.5 ቶን ያህል ክብደት ወደ ውጭ በገፋቸው ነበር። በተግባር መስተዋቶቹ ወደ ውጭ ይቆለመማሉ፤ ማሸጊያው ይጨነቃል፤ አንዳንዴም ይሰነጠቃሉ። ለዚህ ሲባል ግፊቱን የሚያስተካክል እንደ ፀጉር የቀጠነ ቱቦ ይገጠማል፤ ነገር ግን ቱቦው ክፍት ሲሆን አርጎኑ ቀስ በቀስ ያመልጣል። ስለዚህ ድርብ መስተዋት የሚያስመጣ ሰው የሚገጠምበትን ከፍታ ለፋብሪካው ማሳወቅ አለበት።

ይህ ሁሉ ሲባል ድርብ መስተዋት ለኢትዮጵያ አይረባም ማለት አይደለም። በሰመራ ወይም በጋምቤላ የውጭው አየር ከውስጡ እጅግ ሲሞቅ የሙቀቱ አቅጣጫ ይገለበጣል፤ ክፍሉ በማቀዝቀዣ የሚሠራ ከሆነም ዝቅተኛ ዩ ዋጋውን ይመልሳል። እዚያም ቢሆን ጥላው አይቀርም። በትልቅ መንገድ አጠገብ ደግሞ ድርብ መስተዋት ጩኸት ይቀንሳል። ቁም ነገሩ አንዱን መድኃኒት ለሁሉም በሽታ አለማዘዝ ነው።

ምን ይደረግ?

ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ በአህጉራችን አለ። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የተከፈተው ኢስትጌት የተባለው የቢሮና የገበያ ሕንፃ የተለመደው ማቀዝቀዣ አልተገጠመለትም። ንድፉን የሠሩት አርክቴክት ሚክ ፒርስ መስኮቶቹን በጥልቅ ጥላ ሸፍነው፣ በቀዝቃዛው የሌሊት አየር ወፍራሙን ኮንክሪት እንዲያቀዘቅዝ አደረጉ። በእኛም አገር በፒያሳ አካባቢ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠሩት ባለ እንጨት በረንዳና ባለ መዝጊያ ቤቶች ከዚሁ ሐሳብ የራቁ አልነበሩም።

ለነባር ሕንፃ ቅደም ተከተሉ ይህ ቢሆን ይበጃል። መጀመሪያ የማይከፈቱ መስኮቶችን የሚከፈቱ ማድረግ፤ ቀጥሎ በምዕራብና በምሥራቅ ገጽ የውጭ ጥላ መግጠም፤ ከዚያ የፀሐይን ሙቀት የሚመልስ ፊልም በመስተዋቱ ላይ መለጠፍ፤ በመጨረሻም መስተዋቱን መለወጥ። ማቀዝቀዣ የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ፊልም ሲለጠፍ ግን የሚመጠው ሙቀት መስተዋቱን እንዳይሰነጥቀው አስቀድሞ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

“የህዳሴ ግድባችን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ኃይል ምን ቸገረን?” የሚል ይኖራል። በምሳሌያችን ያየነው አንድ መስኮት የሚያስገባውን ሙቀት ለማስወጣት ማቀዝቀዣው 1.6 ኪሎ ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በአንድ ሕንፃ ላይ እንዲህ ያሉ መቶ መስኮቶች ቢኖሩ 160 ኪሎ ዋት ነው። ገና መብራት ያልገባላቸው ሚሊዮኖች ባሉበት አገር፣ ይህ ኃይል ሌላው ቢቀር የአምፖል፣ የወፍጮና የክሊኒክ ማቀዝቀዣ ነው። ማቀዝቀዣው ራሱም መለዋወጫውም በውጭ ምንዛሪ ይመጣሉ፤ ጥላው ግን ከአገር ውስጥ ጡብ፣ ኮንክሪትና ብረት ይሠራል።

ራሳችሁ ሞክሩት

ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ሊፈትሹት ይችላሉ። እኩል መጠን ያላቸው ሦስት ካርቶኖች ውሰዱ። ከአንድ ገጻቸው በኩል ክፈቷቸውና በእኩል መስተዋት ሸፍናችሁ ጠርዙን በፕላስተር አሽጉ። በየካርቶኑ ውስጥ ጨረሩ በቀጥታ በማያገኘው ቦታ ቴርሞ ሜትር አኑሩ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት፤ በሁለተኛው ከመስተዋቱ በስተውስጥ ነጭ ጨርቅ ስቀሉ፤ በሦስተኛው ያንኑ ዓይነት ጨርቅ ከመስተዋቱ በስተውጭ፣ አየር እንዲያልፍ ጥቂት አራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ። ከቀትር በኋላ መስተዋቶቹን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ የሦስቱንም ሙቀት በየአምስት ደቂቃው መዝግቡ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም በግራፍ አስቀምጡት። ጨርቁ አንድ ሆኖ ሳለ ቦታው ብቻ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ታያላችሁ።

ዛሬ የሚሠራ ሕንፃ ለሃምሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆማል። የዛሬዎቹ የፊዚክስ፣ የምሕንድስናና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ጡረታ ሲወጡም መስኮቱ እዚያው ይሆናል። ስለዚህ የንድፍ ወረቀት በፊታችሁ ሲዘረጋ ስለ መስተዋቱ ዓይነት ከመጠየቃችሁ በፊት “ይህ መስኮት ወደየት ይመለከታል? ጥላውስ የት አለ?” ብላችሁ ጠይቁ።